ለግድግዳችን የሚሆን ጥይት

ታላቅ ወንድሜና እኔ የምንኖረው ባንድ ቤት ውስጥ ነው፤ በመሃላችን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ አለ። ቤቱ የአባታችን ነበር። አባታችን ሲሞት ለሁለት ተከፈለ፤ ፀሐይ የሚገባበት ወገን ለእሱ፣ የጓሮው ወገን ለእኔ። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። እሱ የተማረ ነው፣ እኔ አናጺ ነኝ። የተማረ ሰው ፀሐይ ያስፈልገዋል ተብሎ ይመስለኛል።

ያኔ እኔ መሃሉን በጡብ እንዝጋው ብዬ ነበር። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ምን አስቸኮለህ፣ ጊዜያዊ እኮ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ይበቃል» አለኝ። ጊዜያዊ። እኔን ነው ጊዜያዊ ያለው። ዛሬ ነገ ለቅቆ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ግድግዳውን አንስተን ቤቱን እንደነበረ እናደርገዋለን ማለቱ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኮምፔንሳቶውን በገዛ እጄ ገጠምኩት። በእሱ በኩል አንድ ንጣፍ፣ በእኔ በኩል አንድ ንጣፍ፣ መሃሉ ባዶ። ላዩን ጀሶ አልብሼ ቀለም ቀባሁት። ያላወቀ ሰው ሲያየው ጡብ ይመስለዋል።

ግድግዳው እስካሁን አለ። እኔም አልሄድኩም።

ሰላምታ ያቋረጥነው ግን በሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊጠይቁት መጥተው በሩ ላይ አገኙኝ፤ መዝጊያውን እያስተካከልኩለት ነበር። አንደኛው «ማነው ይሄ?» አለው። እሱም አፉን ሞልቶ፣ «ቤታችንን የሚያበጅልን አናጺ ነው» አለ። ከአንድ ማህፀን የወጣን ሰዎች! ማጠፊያውን ጨርሼ አጠበቅኩለት፣ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ደጁን አልረገጥኩም። በሰፈር «ዳይሬክተሩ» ይሉታል፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ሲታመም እሱ ለጥቂት ጊዜ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበርና ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ዳይሬክተሩ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ «መዶሻ» ነው የሚለኝ።

ኮምፔንሳቶ ምስጢር አያውቅም። ሲያስል ይሰማኛል። ሬዲዮ ሲከፍት፣ ኩባያ ሲጥል፣ ብቻውን ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ነው። እሱም የእኛን ይሰማል፤ ባለቤቴ እኔን ስትቆጣ ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋል። ግን ሁለታችንም ጡብ እንዳለ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ነው የኖርነው። እሱ ቢያስነጥስ እዚህ ያለ ሰው «ይማርህ» አይልም።

ታዲያ ባለፈው በጠራራ ፀሐይ ሌባ ገባብን። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ዕቃ ስታጥብ፣ ሰውዬው በጓሮ መስኮት ዘሎ መሰርሰሪያዬንና ካውያውን ይዞ ሊወጣ ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። በእጁ የብረት ዘንግ ነበረው። ጮኸች። ዕቃውን ጥሎ በመጣበት መስኮት ተስፈንጥሮ ሄደ።

ማታ ስመጣ የጓሮውን መስኮት በሳንቃ ደግፋ ጠበቀችኝ። «ብቻውን አልነበረም» አለችኝ። «ሌላም ነበር። ግድግዳውን እንደ ከበሮ ሲደልቁት ሰምቻለሁ።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«ጋሼ ቤት ነበሩ። ጠዋት ሲያስሉ ሰምቻለሁ።»

«እና አልመጣም?»

«አልመጡም» አለች። ጎረቤት እንኳ ከሁለት ቤት ማዶ ሰምቶ መጥቷል፤ የእኔ ወንድም ከኮምፔንሳቶ ማዶ ሆኖ አልሰማም።

ሽጉጥ ለመግዛት የወሰንኩት ያኔ ነው። ፈቃዱን አወጣሁና ባለቤቴን ይዤ መሣሪያ መሸጫው ሄድን። ጠባብ ሱቅ ነው፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ ከጀርባው አሸዋ የተከመረበት ረጅም የመተኮሻ ክፍል አለ። ባለሱቁን ሁሉም ሰው «ሻለቃ» ይለዋል። በውትድርና ዘመኑ የመጋዘን ጠባቂ ነበር ይላሉ፤ ማዕረጉን የሰጠው ሰፈሩ ነው። ለእኔ እንኳ አንድ ማዕረግ የሰጠኝ የለም።

«ምን ላሳይህ?» አለኝ።

«ትልቁን።»

«የቱን ትልቁን?»

«ካሉት ሁሉ ትልቁን። ጥይቱ ወፍራም የሆነውን።»

«ምነው፣ ዝሆን ነው እንዴ የዘረፈህ?» ብሎ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የፈለግኩትን አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ትንሹን ድርሻ ስወስድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ደግሞ ትንሹን ጥይት ልውሰድ?

ሻለቃ መስታወቱ ላይ ጨርቅ ዘረጋና ጥይቶች ደረደረ። «ይቺ ቀጭኗ ሃያ ሁለት ትባላለች። ብትተኩሳት አትገፋህም፣ ለመለማመጃ ጥሩ ናት። ዘንግ ይዞ የመጣብህን ሰው ታቆማለች ወይ ካልከኝ ግን አልምልልህም። ይሄ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። ይሄ ወፍራሙ ደግሞ አርባ አምስት።»

«እሱን» አልኩ።

«ቆይ። ቤት የሚውለው ማነው?»

«እሷ።»

«እንግዲያ አንተ ምን አስቸኮለህ? እህቴ፣ ነይ ወደ ውስጥ።»

ጆሯችንን ሸፍነን ገባን። መጀመሪያ እኔ በጠየቅኩት መሠረት አርባ አምስቱን ሰጣት። እንዴት እንደሚያዝ፣ ጣቷን ከምላጩ እንዴት እንደምታርቅ በትዕግሥት አሳያት። ተኮሰች። ሽጉጡ ከእጇ ሊያመልጥ ወደ ላይ ተነሳ፣ ጥይቱ ከዒላማው ወረቀት በላይ ጣሪያው ሥር ተሰካ።

«ውይ በሞትኩት! ክንዴን ነቀለው!»

«ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

«አንተ ልመደው!»

ቀጥሎ ዘጠኙን ሰጣት። እሱም ገፋት፣ ግን መልሳ አነጣጠረች። ወረቀቱ ተበሳ፤ መሃሉ ባይሆንም ተበሳ። ደገመች፤ አሁንም ተበሳ። ፊቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ። «ይሄ ይሻለኛል» አለች።

«ትልቁ ግን ሰው ይጥላል» አልኩ ወደ ሻለቃ ዞሬ።

«የተመታውን ነዋ። ጥይቱ ጣሪያ ከመታ ውፍረቱ ሌባውን ምን ያደርገዋል?» አለና ሽጉጦቹን ባዶ አድርጎ አስቀመጠ። «አሁን ዋናውን ልጠይቅህ። ግድግዳችሁ ምንድነው?»

ጡብ ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «ኮምፔንሳቶ!» አለች።

«ከኮምፔንሳቶው ወዲያስ?»

«ወንድሙ» አለች።

ሻለቃ ጥይቶቹን አንድ ባንድ ከጨርቁ ላይ ለቀመ። «አየህ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮምፔንሳቶ ለጥይት ወረቀት ነው። ለትልቁም፣ ለመካከለኛውም፣ ለቀጭኗም። አፉ የተቦረቦረ ጥይት አለ፤ ገላ ሲያገኝ ይፈርጥና እዚያው ይቀራል። ግን ሌባውን ከሳትከውና ግድግዳ ካገኘ፣ የተቦረቦረው አፉ በጀሶ ይደፈናል፣ እንደ ማንኛውም ጥይት አልፎ ይሄዳል። ሰው ያለበትን ግድግዳ ፊት ለፊት አድርጎ መተኮስ የለም። ወንድምህ የት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚተኛ ጠይቅና ና። ከዚያ ባለቤትህ ከየት ወደየት መተኮስ እንደምትችል እንነጋገራለን።»

«ሳይጠየቅስ አይሆንም?»

«ይሆናል። ከዚያ የምትከሰሰው አንተ ነህ።» ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ባለፈው አንድ ትልቅ ሰው መጥተው እንዲህ ያለ አርባ አምስት ወስደዋል። የተማሩ ናቸው፣ አነጋገራቸው ያስታውቃል። ግድግዳዬ ጡብ ነው አሉኝ። ጡብ ያለው ሰው ምን ጭንቅ አለበት?»

አዎ፣ አልኩ በልቤ። የተማረ ሰው ጡብ አለው፣ ትልቁንም ይወስዳል።

ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም። በር ላይ ስንደርስ ባለቤቴ፣ «ሂድና ጠይቃቸው» አለችኝ።

«እኔ?»

«ታዲያ የማን ወንድም ናቸው? እኔ እዚህ ቤት ብቻዬን መዋል ፈርቻለሁ። ያንተ ኩርፊያ እስኪያልቅ መስኮት እያየሁ ልኑር?»

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ዞሬ ሄድኩ። የእሱ በር በወዲያኛው መንገድ ነው፤ ከእኔ ቤት ወደ እሱ ቤት ለመሄድ የሰፈሩን አጥር ሙሉ መዞር ያስፈልጋል። መንገድ ላይ የምናገረውን አሰማመርኩ። «እንደምን ዋልክ፤ አንድ የጸጥታ ጉዳይ ነበረኝ» እላለሁ፤ በተማሩ ሰዎች አነጋገር። አንኳኳሁ። ከፈተ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። ያንን ሳይ ያሰማመርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ራስጌህ በየት በኩል ነው?» አልኩት።

«ምን?»

«ስትተኛ። ጭንቅላትህ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ለምን ፈለግከው?»

«ሽጉጥ ልገዛ ነው።»

በሩን ሊዘጋው ሞከረ። እግሬን አስገባሁ። «መዶሻ» አለኝ በሩን እየገፋ፣ «ምን ነካህ? የቤቱ ጉዳይ ከሆነ ቁጭ ብለን እንነጋገር። የፀሐዩን ወገን ከፈለግክ ውሰደው!»

«እንዳልመታህ ነው!»

«ምን?»

«እንዳልመታህ ነው የምጠይቅህ!» ብዬ ጮህኩ። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ መስኮቷን ከፍታ አንገቷን አወጣች። «ባለቤቴ ሌባ ስትመታ አንተን እንዳትመታ ነው! ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ሳትዘጋ አንገቷን ብቻ መለሰች። እሱ በሩን ለቀቀው።

ገባሁ። ክፍሉ መጻሕፍትና የመድኃኒት ጠርሙስ ብቻ ነው። አልጋው ግድግዳውን ተጠግቷል፤ ትራሱ ኮምፔንሳቶው ላይ ተደግፏል። ከትራሱ ጎን ባለው ኮሞዲኖ ላይ ሽጉጥ አለ። አንድ ጊዜ ያየሁትን ዕቃ አልረሳም፤ ወዲያው አወቅኩት።

«አርባ አምስት ነው» አልኩ።

«አንተ ምን አውቀህ?»

«ሻለቃ ጋ ነው የገዛኸው። ግድግዳዬ ጡብ ነው ብለህ።»

ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ሰው ፊት በኮምፔንሳቶ ነው የምኖረው ልበል?»

መሳቅ አማረኝ፤ አልሳቅኩም። ግድግዳውን ቀረብ ብዬ ሳየው ጀሶው ተሰንጥቋል። ከትራሱ በላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ፤ አንድ ቦታ ሳይሆን ብዙ ቦታ። የቡጢ ምት ነው። የእንጨት ሰው ነኝ፤ ምን እንደመታው አያለሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

ከዘራውን ተደግፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሚስትህ ስትጮህ ሰማሁ። ልነሳ ስል ይሄ ጉልበቴ ቆለፈ። ብነሳስ፣ ይሄን ሁሉ አጥር ዞሬ መቼ ልደርስ? ግድግዳውን ደበደብኩ። ሌባው ሰው አለ ብሎ እንዲደነግጥ።»

ባለቤቴ የነገረችኝ ሁለተኛው ሌባ እሱ ነበር።

«በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅኩና ሲሰጠኝ ይሄን ገዛሁ» አለ ወደ ሽጉጡ እያየ። «ደግሞ ብትጮህ እዚሁ ሆኜ…»

«እዚሁ ሆነህ ምን? በግድግዳው አሳልፈህ ልትተኩስ?»

መነጽሩን አወረደና ኮምፔንሳቶውን አየው፤ ከተሠራ ጀምሮ ዛሬ ያየው ይመስል። ሁለት ጣቴን አጥፌ አንኳኳሁለት። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ማነው?» አለች ባለቤቴ ከወዲያ። ጎናችን የቆመች ያህል ነው።

«እኔ ነኝ።»

«የት ሆነህ?»

«እዚህ።»

«ጋሼ ጋ ገባህ? ጎሽ! ራስጌያቸው በየት በኩል ነው?»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «እዚሁ ነኝ፣ የኔ እመቤት» አላት ወደ ግድግዳው። «ራስጌዬ እዚሁ ነው። ያንቺስ?»

«የእኛም እዚሁ!» አለች። እኔም ያኔ ነው የታየኝ። ድምፁ በሁለቱ ንጣፎች መሃል ባለው ባዶ ቦታ ስለሚዋኝ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ሲያስል ከክፍሉ ማዶ ይመስለኝ ነበር። ግን የእኔ አልጋ በዚያ በኩል ይሄው ቦታ ላይ ነው። ትራሴም እዚሁ ነው። እሱን ሳልሰማ ውዬ ሳልሰማ ለማደር ስታገል፣ ጭንቅላቴን ጭንቅላቱ ላይ አስደግፌ ነበር የምተኛው። የእሱ አርባ አምስት ከመጣ ወዲህም እንደዚያው።

«ጡብ እናድርገው» አለ።

ይቺን ቃል ስጠብቃት ኖሬያለሁ። «ጊዜያዊ ነው ብለህ አልነበር?»

«ምኑ?»

«ግድግዳው። ጊዜያዊ እኮ ነው፣ ኮምፔንሳቶ ይበቃል ብለህ አልነበር?»

ግንባሩን ጨምድዶ አሰበ። «ብዬ ነበር እንዴ?»

ዓይኑን አየሁት፤ ይዋሽ እንደሆነ። አልዋሸም። ረስቶታል። ስተኛ ስነሳ፣ እንጨት ስልግ፣ ምስማር ስመታ ይዣት የኖርኩትን ቃል እሱ ተናግሮ ረስቷታል። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር። ስለ መዝጊያው ቀንም ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት፤ እሱንም ረስቶት ቢሆን እዚያው በቡጢ የምመታው ግድግዳውን አይሆንም ነበር።

«ጡብ ይሁን» ብዬ ወጣሁ።

ጡቡን የሠራው ግንበኛ ጓደኛዬ ነው። ኮምፔንሳቶውን ያፈረስኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያንን ለማንም አልሰጥም። ገና ሥራው ሳይጀመር ባለቤቴ፣ «በር ይኑረው» አለች። ምን ያደርግልሻል ብላት፣ «ጋሼ ጉልበታቸው ታምሞ አጥር ሊዞሩ ነው? እኔ ብጮህ በበሩ ይምጡ፤ እሳቸው ቢወድቁ እኔ በበሩ ልሂድ። ጥይት ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለች። የበሩን ልክ ለካሁ። ዳይሬክተሩ ተስማማ፣ ግን መወርወሪያው በእሱ በኩል እንዲሆን ፈለገ። እኔ በእኔ በኩል አልኩ። እሱ «በሕግ አግባብ» ብሎ ጀመረ። እኔ መሰርሰሪያዬን አጠፋሁት። በስተመጨረሻ ሁለት መወርወሪያ ሠራሁ፤ አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ።

ግድግዳው ሲደርቅ ሦስታችንም ሻለቃ ጋ ሄድን። ሻለቃ ወንድሜን ሲያይ፣ «ባለ ጡቡ!» አለ።

«አሁን ነው ጡብ የሆነው» አለ ወንድሜ።

«ይሄስ የእርስዎ ምንዎ ነው?» አለው ወደ እኔ እያሳየ።

«አናጺያችን… ወንድሜ ነው» አለ።

ቅደም ተከተሉን ልብ ብያለሁ።

ሻለቃ አሁን ጡብ ስላላችሁ ትልቁንም ብትሉ እሺ አለ፤ ይህን የተናገረው ሰው ፊት ነው፣ ከፈለግኩ እወስድ ነበር። ወንድሜም የእሱን አርባ አምስት አውጥቶ፣ «አንተ ትልቁን ትወድ ነበር አሉ፣ እንካ» አለኝ። ባለቤቴን አየኋት። መሃል መዳፏን እያሻሸች ነበር፤ ያን በመጀመሪያው ቀን አርባ አምስቱ ሊነቅለው የነበረውን እጅ። «ዘጠኙን ስጣት» አልኩ ለሻለቃ። ወንድሜም የራሱን መለሰ። እጁ እንደሚንቀጠቀጥ እኔም አይቻለሁ፣ ሻለቃም አይቷል፤ ማንም አልተናገረም። እሱም ዘጠኝ ወሰደ።

«ደስ ይበላችሁ፤ ጥይት አለቀብኝ ብላችሁ ጎረቤት ትጠይቃላችሁ» አለ ሻለቃ።

ጨው ተጠያይቀን አናውቅም። አሁን ግን ጥይታችን አንድ ዓይነት ነው።

ባለቤቴ በየጊዜው እየሄደች ትለማመዳለች፤ ወረቀቱን አምጥታ ታሳየኛለች። ሽጉጡ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ከወጥ ቤት ስትወጣ የት እንደምትቆም፣ ወደየት እንደማትተኩስ ሻለቃ መጥቶ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሮላታል። አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ወንድሜም የእሱን ሲጎትት በበሩ ስንጥቅ ሰምቻለሁ፤ ከዘራው ወደቀበት፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ጎተተ። ላግዘው ብዬ ተነሳሁና ተቀመጥኩ። አልጠራኝማ።

ጡብ ድምፅ አያሳልፍም። አልጋውም ከበሩ ስለራቀ ሳሉን አልሰማውም አሁን፤ ጆሮዬ ግን ልማዱን አልተወም። በእኔ በኩል ያለውን መወርወሪያ እስካሁን አልዘጋሁትም። እሱም የዘጋው አይመስለኝም። ገፍቼ ግን አላየሁም።